ሁዳዴ ያወፈረው ዲያቆን

በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በሁዳዴ ጾም የወፈረ ዲያቆን እኔ ብቻ ነበርሁ። ሌላው ሰው ጾሙ ሲጋመስ ጉንጩ ይሰረጉዳል፣ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። የእኔ ቀበቶ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። ይህ ሳያንስ ፊቴን ብጉር ወረሰው። ግንባሬ፣ ጉንጬ፣ አገጬ፣ አልፎ ተርፎ ትከሻዬ ሳይቀር ቀላ፣ አበጠ፣ መገለ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። ያኔ ግን ከትምህርቴም ከመቅደሱም ሊያስወጣኝ የቀረው ጥቂት ነበር።

የተወለድሁት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ ባለ የገበሬ ሰፈር ነው። ኢሕአዴግ ሲገባ ገና ዳዴ እል ነበር ይላሉ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ አልበረከቱላትምና «ይኼ ካደገልኝ ለቤተ ክርስቲያን» ብላ ተሳለች። አደግሁላት። ድቁና የተቀበልሁ ዕለት ከደስታዋ ብዛት መንደሩን ሁሉ ጠርታ አበላች፤ ዓመት ሳይሞላ ታማ አረፈች። ስለዚህ አባቴ ድቁናዬን የሚያየው እንደ እኔ ማዕረግ ሳይሆን እንደ እሷ አደራ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ፍኖተ ሰላም እህቱ ዘንድ ሊያስገባኝ ሲወስደኝ፣ መነኸሪያው ስንወርድ ቆም አለና፣ «ትምህርትህን ተማር። ክህነትህን የሚነካ ነገር የሰማሁ ቀን ግን ደብተርህን ይዘህ ወደ ሞፈሩ ትመለሳለህ» አለኝ። አባቴ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም።

አክስቴ መነኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ልጅነቷን ጨምሮ ዕድሜዋን ከተማ ያሳለፈች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከአምስት ሰዓት በላይ የማትተኛ ሴት ናት። ንግግሯ ሁሉ በጎን ነው። ሾፌር ሻዩ ቀጠነ ብሎ ቢያጉረመርም «ዓባይ ዘንድሮ ሞልቷል» ትለዋለች እንጅ ስኳር ጨምሬልሃለሁም አልጨመርሁልህምም አትለውም። እቴቴ ነበር የምላት። እሷም ዲያቆኔ ትለኝ ነበር። ሰው ፊት ስትጠራኝ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ይሰማ ነበር።

በጾም ጊዜ የሻይ ቤቷ ዋና ገበያ ፓስቲ ነው። ሊጡ ተዳምጦ፣ ተቆርጦ፣ በጥቁር ብረት ድስት ዘይት ውስጥ ይንጣጣል። ተሳፋሪው ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ ይገዛል። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ፤ አንዱ ጫፉ ያረረ፣ አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ቅርጹ የተበላሸ። ያንን አክስቴ ለደንበኛ መስጠት ነውር ነው ትላለች። መጣል ደግሞ ኃጢአት ነው ትላለች። ስለዚህ በሳሕን ከምራ «የዲያቆኔ ነው» ብላ ትሸፍነዋለች። ልጅ የሌላት ሴት ልጅ ስታገኝ እንዴት እንደምታበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሁዳዴ ውሎዬ እንዲህ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ነኝ፤ ፈረቃዬ የጠዋት ነው። ከዚያ በሩጫ ቤተ ክርስቲያን፤ ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው። እስከዚያ ውኃም አይቀመስም። ቀዳሽ ስለሆንሁ ከማታ ጀምሮ ሆዴ ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በደጀ ሰላም፣ ማለትም ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው በሚቀማምሱበት ቤት፣ ምእመናን ያመጡት ዳቦ ይቆረሳል። ለወጣት ዲያቆን ወፈር ያለው ቁራሽ ነው የሚደርሰው። ከዚያ እቤት ስደርስ ያ ሳሕን ይጠብቀኛል። ዐሥር ፓስቲ፣ አንዳንዴም ዐሥራ ሁለት። አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ሁለት ብርጭቆ። ከመሸ ደግሞ እንጀራ በሽሮ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጾም የሚያፈርስ አንድም ነገር የለም። ሕጉን አንድ ነጥብ ሳላጎድል ጠበቅሁ፤ ሕጉን ጠብቄም ወፈርሁ።

ከሻይ ቤታችን አጠገብ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ጤፍ የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን ላይ አንዳንድ ቀን ለጨዋታ ይሰቅለኛል። በመስከረም ስመጣ አርባ ስድስት ኪሎ ነበርሁ። በጾሙ እኩሌታ ሰባ አራት ሆንሁ። ሰውዬው ሚዛኑን ሁለቴ አየና «ዲያቆን፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትቀድሰው?» አለኝ። ልብሰ ተክህኖው ሆዴ ላይ ተወጠረ። ከእኔ ጋር የሚቀድሰው ሌላው ዲያቆን ከኋላ ጎተት እያደረገ ያስተካክልልኝ ነበር።

የብጉሩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ትምህርት ቤት መምህሩ በቴሌቪዥን ነበር የሚያስተምረን፤ ፕላዝማ እንለው ነበር። በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ይናገራል፣ አንድ ቃል ስንይዝ እሱ ሦስት ገጽ አልፏል። አንድ ቀን ባዮሎጂ ላይ የሰው ቆዳ ተሥሎ መጣ። ቅባት የምታመነጭ ትንሽ ከረጢት፣ ጠጉር፣ የተደፈነ ቀዳዳ። የእኔ ፊት መሆኑ ገባኝ። ወንበሬን ወደ ፊት ሳብሁ። መብራት ጠፋ። ተማሪው በደስታ ጮኸ፤ እኔ ብቻ ነበርሁ ያዘንሁት። ያንን ትምህርት ደግመው አላሳዩንም።

አክስቴ በበኩሏ ሐኪም ሆና ነበር። መጀመሪያ ከእንቅልፌ ስነቃ አፌን ሳልጉመጠመጥ በምራቄ እንዳሽ አዘዘችኝ። ለሁለት ሳምንት አደረግሁት። ቀጥላ ፌጦ ወቅጣ በሎሚ ለወሰችና ፊቴን ቀባችኝ። ፌጦውን ያየ ያውቀዋል፤ ለሆድ ሲሆን መድኃኒት ነው፣ ለቆሰለ ፊት ግን እሳት ነው። ግቢውን እየዞርሁ ስጮኽ መነኸሪያ ያሉት ረዳቶች ሰው ተገደለ ብለው በአጥር ዘለሉ። ፊቴ ለሦስት ቀን በርበሬ መሰለ። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተቀየምኋትም ብል ትንሽ እዋሻለሁ።

ከዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሰው ማውራት ጀመረ። እኛ አገር የሰው ገላ ዝም ተብሎ አይታይም፣ ይነበባል። የከሳ ጾመኛ ነው። በጾም የወፈረ ምን በልቶ ነው? ፊቱ ወዝቶ ብጉር ያወጣ ጎረምሳ ደግሞ ሴት እያሰበ ነው ይባላል። ዲያቆን ደግሞ እስኪያገባ ድረስ ድንግል መሆን አለበት። ስለዚህ በእኔ ላይ ሁለት ክስ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሆዴ ቅቤ በላ ብሎ መሰከረብኝ፣ ፊቴ ሴት አወቀ ብሎ መሰከረብኝ። እኔ ቅቤም አልበላሁ፣ ሴትም ቢሆን... ማሰቡን አስቤያለሁ። ከፊቴ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንገቷን እንጅ ፊቷን በቅጡ አላየሁትም። ያ ብጉር ያስወጣል ከተባለ አገሩ ሁሉ ብጉር በብጉር መሆን ነበረበት።

በዚህ ላይ የቅቤው ማሰሮ ነገር ተጨመረ። በሁዳዴ ቅቤ የሚበላ ስለሌለ ገበያ ላይ ይረክሳል። አክስቴ በየዓመቱ የፋሲካን ቅቤ በዋዜማው ነበር የምትገዛው። የዚያን ዓመት ግን ብልጥ ልሁን ብላ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ገና የተናጠ ትኩስ ቅቤ በብዛት ገዛች። ትልቅ ማሰሮ አፉ ድረስ ሞላችና እኔ የምተኛበት ክፍል አኖረችው። በሳምንቱ ከፍታ ስታየው ወርዷል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወረደ። ማሰሮውን አይታ እኔን አየች። ማታ የማሰሮውን አፍ በነጭ ጨርቅ ሸፍና በገመድ ጠፍራ አሰረችው። ቋጠሮው የእሷ ብቻ ዓይነት ነበር። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አየኋት፤ እንደማየኋትም ታውቃለች።

በማግሥቱ ደንበኞቿ ሻይ ሲጠጡ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ሳለሁ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዘንድሮስ ድመታችን ጾም አታውቅም። ይኸው ወፍራ፣ ፊቷ ወዝቶ» አለች። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔ ጓዳው ውስጥ ያጠብሁትን ብርጭቆ መልሼ አጠብሁት። ቤታችን ድመት አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዲያቆኔ ማለቷን ተወችው። «አንተ» ሆንሁ። ሳሕኑን ግን አልተወችም። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ። የተሰነጠቀውን ፓስቲ እንደ ወትሮው ከምራ ትሸፍንልኛለች፣ ስኳሩን ታማስልልኛለች፣ ከዚያ ወፈርህ ብላ በክፉ ዓይን ታየኛለች። በገዛ እጇ የምታስገባውን ነገር ከየት እንደመጣ ታጣው ነበር። ለእሷ ፓስቲ ምግብ አይደለም፤ የገበያ ትራፊ ነው። ሰው የሚያወፍረው ቅቤ ነው፣ ሌላ ምን ያወፍራል!

አንድ ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዳ ተመለሰች። እሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ጠርተውኝ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ብቻ አሉኝ። «ደህና ነው አባ» አልሁ። ፂማቸው ደረታቸው ድረስ የሚወርድ፣ ረጋ ያሉ፣ ዓይናቸው ከሰው ፊት ላይ ቶሎ የማይነሣ ሽማግሌ ነበሩ። «እሽ» ብለው ሄዱ። ያች እሽ ከስድብ በላይ ተሰማችኝ። ማታ አክስቴ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ ሊጥ እየዳመጠች፣ «ሆሳዕና ወንድምጋሼ ይመጣል። እኔ ምን አገባኝ፣ ዓይን አለው፣ ራሱ ይየው» አለች። አባቴ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

እንግዲህ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? አልበላሁም ብዬ መማል እችል ነበር። ግን ማን ይሰማኛል፣ ገላዬ ተቃራኒውን እየጮኸ? መክሳት አለብኝ አልሁ። ከከሳሁ ፊቴም ይጠራል፣ ፊቴ ከጠራ አባቴ የሚያየው ነገር የለም። የፓስቲውን ሳሕን ለመነኸሪያ ለማኞች ማደል ጀመርሁ። የደጀ ሰላሙን ዳቦ እጅጌዬ ውስጥ ደብቄ አወጣለሁ። በቀን አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የእናቴን ስለት እያሰብሁ አለቅስ ነበር። እንዳፈረስሁባት ዓይነት ያሳፍረኝ ነበር፣ ምንም ሳላፈርስ።

በዐሥር ቀን ስድስት ኪሎ ወረድሁ። የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ወጥቼ አረጋገጥሁ። ልቤ ሞላ። ወደ ሻይ ቤቱ መስታወት ሮጥሁ። ብጉሩ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። እንዲያውም አገጬ ላይ ሁለት አዲስ መጥቶ ነበር። ሆዴን አሳመንሁት፣ ፊቴ ግን የሚሰማኝ አልሆነም። ያኔ ነው እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ወንጌል ሲነበብ ጧፍ ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። መጋቢት ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ፊደሉ መደብዘዝ ጀመረ። ቀጥሎ የማስታውሰው የንስሐ አባታችን እጅ አንገትጌዬን ጨምድዶ ሲይዘኝ ነው። ጧፉን በሌላ እጃቸው ነጥቀው ሳያቋርጡ አነበቡት ይላሉ። ወንጌሉ ሲያልቅ ሰው ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አክስቴ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነ ደረሰች።

ጤና ረዳቷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ንግግሯ ፈጣን፣ ፊቷ የማይቆጣ። ሚዛን ላይ አቆመችኝ፣ የዓይኔን ሽፋን ገልብጣ አየች፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣችና «ምን ትበላለህ? ከመስከረም ጀምሮ ንገረኝ» አለች። ነገርኋት። ዐሥሩን ፓስቲ፣ አራቱን ማንኪያ ስኳር፣ የደጀ ሰላሙን ዳቦ፣ ሽሮውን። ከዚያ ያለፉትን ቀናት ቆሎ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ትፍቅ ነበር። ፓስቲው ሲጠራ መፋቋን አቆመች።

«ቅቤስ?» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ይኼ ብጉር የቅቤ አይዶለም?»

«እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ቆዳው ራሱ ቅባት ያመርታል» አለች ጤና ረዳቷ። «ማንም ቅቤ ሳያበላው። ቶሎ የወፈረ ልጅ ላይ፣ ስኳርና ጣፋጭ የበዛበት ላይ ሊብስ ይችላል። ሁሉም ላይ ግን አይዶለም። ከስተው ነፋስ የሚወስዳቸውም እዚሁ መጥተው ያለቅሱብኛል። መራብ አያጠፋውም። ፊቱን በሳሙና በቀስታ ይታጠብ፣ አያፍርጠው፣ ሻዩ ላይ ስኳሩን ይቀንስ፣ እንጀራውን በደንብ ይብላ። ሌላው ጊዜ ነው።» ከዚያ ፊቴን ቀረብ ብላ አየችና «ይኼን ቦታ ምን አቃጠለው?» አለች። አክስቴና እኔ ተያየን። ስለ ፌጦው ሁለታችንም አልተናገርንም።

ያች ጤና ረዳት ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ስሟንም አልጠየቅሁም። ግን ከቆዳዬ ላይ ኃጢአቱን ያነሣችልኝ እሷ ናት። ሆዴ ሆድ ነው፣ ፊቴ ፊት ነው፣ ዝምድና ቢኖራቸውም አንዱ ለሌላው ወንጀል ምስክር አይሆንም፤ ይህን በሦስት ደቂቃ ነግራኝ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ሄደች። አመሰግናታለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ክንዴን ይዛኝ ነበር። በሩ ላይ ቁልፍ እየፈለገች፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ «ድመቷን በድያታለሁ መሰለኝ» አለች። «ግድ የለም እቴቴ» አልሁ። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ እንደማይወጣ ስለማውቅ እንባዬ መጣ። ግን ስለ ማሰሮው ምንም አላለችም። ጨርቁም አልተፈታም። ፓስቲው ውፍረቴን ቢያስረዳም የጎደለውን ቅቤ አላስረዳም።

ቅዳሜ ቅዳሴው በጊዜ ነው የሚያልቀው። ደጀ ሰላም ተሰብስበን ሳለ የንስሐ አባታችን «ና ወዲህ» አሉኝ። ሲያወሩብኝ የከረሙት ሁሉ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን ፂማቸው ሥር ሰደዱና ወደ ላይ አነሡት። «ንካው» አሉኝ። አገጫቸውን ነካሁ። ጣቴ ጉድጓድ ጉድጓድ አገኘ፤ ከጆሮ ሥር እስከ አንገት፣ ጠባሳ በጠባሳ።

«ግሽ ዓባይ አካባቢ ቅኔ ስማር ቁራሽ ለምኜ ነበር የማድር» አሉ፣ ለእኔ እያወሩ ግን ቤቱ እንዲሰማ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ በዓይኔ አላየሁም። አጥንቴ ይቆጠር ነበር። ፊቴ ግን እንደዚህ ልጅ ፊት ነበር። የመንደሩ ሴቶች ይኼ ተማሪ ሴት እያሰበ ነው ብለው ቁራሽ ነሱኝ። ያን ጊዜ ተርቤ ልሞት ነበር።» ፂማቸውን ለቀቁት፣ ወረደና ጠባሳውን ሸፈነው። «እንግዲህ ፊት ምስክር ከሆነ፣ ይኼ ልጅ ከመቅደስ ሲወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።» ከዚያ ከፊታቸው ካለው ዳቦ ትልቁን ቆርሰው አጎረሱኝ። እያኘክሁ አለቀስሁ። ዳቦ እያኘኩ ማልቀስ ቀላል እንዳልሆነ የዚያን ቀን አወቅሁ። ማንም አልሳቀም።

በሆሳዕና ማለዳ፣ ምእመኑ ዘንባባ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር። ትንሽ ላላ ብሎኝ ነበር። በምሥራቁ በኩል ስንደርስ አባቴን አየሁት። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንባባውን እንደ ቀለበት በጣቱ አሥሮ፣ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝ። ሆዴን አየ። ፊቴን አየ። ዓይኔን ወደ መሬት አወረድሁ። የቀረውን ዙር እንዴት እንደጨረስሁት አላውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ቤት ተገናኘን። አክስቴ ሻይ አቅርባ ቆመች፣ አልተቀመጠችም። አባቴ መጥቶ ጉንጬን በሁለት እጁ ያዘ። የገበሬ እጅ ነው፣ ብጉሬን ሁሉ ፈተገው።

«እህቴ» አላት፣ እኔን እንደያዘ። «ስሰጥሽ አጥንቱን ቆጥሬ ነበር የሰጠሁሽ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ይኼ ልጅ ሲጠግብ አይቼው አላውቅም። ይኸው አሁን ጉንጭ አወጣ፣ ጎረመሰ፣ ፊቱ ብጉር በብጉር ሁኖ ሰው መሰለ። እግዜር ይስጥሽ። እኔ የምከፍልሽ የለኝም።» አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ ያረፈች ጊዜና ያን ቀን ብቻ ነው።

 አክስቴ፣ በጎን የምትናገረው ሴት፣ ሾፌሩን ሁሉ የምታሸንፈው፣ የሽርጧን ጫፍ ይዛ ቆማ ቀረች። እኔን አየችኝ። እንዳልናገር እየለመነችኝ ነው ወይስ እንድናገር፣ አላወቅሁም። ማውራት እችል ነበር፤ ጨርቁን፣ ገመዱን፣ ድመቷን። «አባባ፣ የበላሁትን ሁሉ ያበላችኝ እቴቴ ናት» አልሁ። «ከእሷ እጅ ያልወጣ አንድም ነገር አልበላሁም።» ይኼ ምስጋና ነበር። እውነትም ነበር። አክስቴ ሁለቱንም ሰማች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቴ ከሻንጣው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቅቤ ነበር፣ ከቤታችን ላም። «ለዲያቆኑ መፈሰኪያ ነው» አለ። ለአክስቴ ሲያስረክባት እንዲሁ የገበሬ ምክር ጨመረ፦ «ትኩስ ነው፣ አሬራው ገና አልወጣም። በዚህ ሙቀት እስከ ፋሲካ አራት ጣት ይሰጥማል። ኋላ ድመት በላው እንዳትይ።»

እኔና አክስቴ ተያየን። ለካ ያ ሁሉ ሳምንት የጎደለው ቅቤ በገዛ ማሰሮው ውስጥ ኖሯል፤ ወርዶ፣ ተጠቅጥቆ፣ አንድ ማንኪያ ሳይነካ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋ ሳግ ሆነ፣ ሳጉ ልቅሶ ሆነ። አባቴ ግራ ገባውና «ምነው፣ ምን ብያለሁ?» አለ። «ምንም አላልህም ወንድምጋሼ» አለችው። «ብቻ ዲያቆኔ ሻይህን ያቀዝቅዝልህ።»

ዲያቆኔ።

አባቴ በማግሥቱ ቡሬ በሚሄደው የመጀመሪያ አውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ብጉሩ ሁለት ዓመት ቆየብኝ። ውፍረቴ ቀስ እያለ ቀነሰ። ስኳሩም ወደ አንድ ማንኪያ ወረደ፤ አክስቴ እየቆጠረች ነበር የምትጨምርልኝ። አሁን ፂም አሳድጌያለሁ። ከሥሩ ጠባሳ አለ፣ ልጆቼ ሲነኩት ይገረማሉ። የንስሐ አባታችንም፣ አባቴም አልፈዋል። አክስቴ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ስሄድ ጉንጬን ዳብሳ መክሳቴንና መወፈሬን በእጇ ነው የምትለየው። ስከሳ ትቆጣኛለች።

የሕማማት ሳምንት ግን እንዲህ ነበር ያለፈው። አባቴን ከሸኘሁ በኋላ ማታ ክፍሌ ስገባ፣ ትልቁ ማሰሮ ከጥጉ ተነሥቶ አልጋዬ ራስጌ ተቀምጧል። አባቴ ያመጣው ቅቤ ከላዩ ተጨምሮበታል። ገመዱ የለም። ነጩ ጨርቅ ታጥቦ ትራሴ ላይ ተነጥፏል። የማሰሮው አፍ እስከ ፋሲካ ክፍት ሆኖ ቆየ።